ወረቀታችንና ሁለቱ ኮምፒውተሮች
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተናገርኩት)

እህቶቼ፣ ክፍላችን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች አንዱ ዊንዶውስ ነው፤ አሮጌው ላፕቶፕ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ ነው። የፓስፖርትና የኮንትራት ኮፒ ከአንዱ ወደ ሌላው የምናመላልሰው በፍላሽ ነው። ፍላሽ ይጠፋል፣ ያገኘው ሁሉ ከፍቶ ያያል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ለተያዘባት እህት ያቺ ኮፒ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ሁለቱን በዋይፋይ የሚያገናኝ ሳምባ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የምንተነፍስበት ሳንባ አይደለም! ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ስሙ የወጣው ከዚያ ነው። የጀመረው አንድሩ ትሪጅል የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። እኛ ዓረብኛ ለምደን ከማዳም ጋር እንደምንግባባው፣ ሊኑክሱም በሳምባ የዊንዶውስን ቋንቋ ይናገራል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ኡቡንቱው ላይ ሳምባ ይጫናል፣ የሚጋራው ፎልደር ይመረጣል። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ስምና ፓስወርድ ይመዘገባል፤ የሳምባ ፓስወርድ ኮምፒውተሩን ስንከፍት ከምንጽፈው ለብቻ ነው። ዊንዶውሱ ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍታችሁ፣ ከላይ ባለው መጻፊያ ወደ ግራ ያዘመመውን ሰረዝ ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎ የኡቡንቱውን አይፒ ቁጥር ጻፉ። ስምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፣ ፎልደሩ ይመጣል።

አሁን አደራ የምላችሁ፦

አንደኛ፣ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባውን "ጌስት" የሚባለውን እንዝጋ። የዋይፋያችንን ቁጥር ስንቱ ያውቀዋል!

ሁለተኛ፣ አልገናኝ ሲል "ኤስኤምቢ 1ን ክፈቱ" የሚላችሁ ይኖራል። እምቢ በሉ። በፈረንጆች 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያመሰው በዚያ አሮጌ በር ገብቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ከዊንዶውሱ ሆናችሁ በኔትወርክ ያጠፋችሁት ፋይል ሪሳይክል ቢን አይገባም። ጠፋ ጠፋ ነው። ስለዚህ ሌላ ኮፒ በፓስወርድ ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት አይቀበልም። ሁላችንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንጻፍ።

ዋናው ግን ማን ምን ያያል የሚለው ነው። እኔ የምለው፣ እያንዳንዷ የራሷን ፎልደር ብቻ ትክፈት፤ የኮምፒውተሩን ኃላፊነት የሚይዙ ሁለት እህቶችን ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ሁላችንም እንምረጥ። ወረቀታችን በሰው መሳቢያ ሲቆለፍ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እኛ እርስ በርሳችን እንደዚያ አንሁን።