የላሙ ሰዎችና የድንጋይ ከሰሉ ፈቃድ



የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የመሪዎችን ጉባኤ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ያለችውን ላሙን ነው። ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላሙ ለእኛ ባዳ አይደለችም። በማርች 2012 የወደቧ ግንባታ ሲበሠር፣ ከፕሬዚዳንት ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ጋር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም እዚያው ነበሩ። ከወደቡ የሚነሣው ላፕሴት የሚባለው መተላለፊያ አንዱ ክንፉ በሞያሌ በኩል ወደ አገራችን እንዲገባ የታቀደ ነውና። የድንጋይ ከሰሉ ጉዳይም ከዚሁ ትልቅ እቅድ ጋር አብሮ መጣ። አሙ ፓወር የተባለ ኩባንያ ክዋሳሲ በሚባል ስፍራ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ፣ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሊተክል ተነሣ። ጭስ ማውጫው ብቻ 210 ሜትር ቁመት ይኖረዋል ተባለ። ከሰሉ ለጊዜው ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓሣ በማጥመድ በሚኖር ሕዝብ ደጃፍ ነው። የላሙ ጥንታዊት ከተማ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ በጠባብ መንገዶቿ ዕቃ የሚያጓጉዘው አህያ ነው። የኬንያ የማንግሮቭ ደን ከግማሽ በላይ የሚገኘውም በዚያው አውራጃ ነው፤ ዓሣው የሚራባው በዛፎቹ ሥር።

ነዋሪዎቹ «ሴቭ ላሙ» በሚባል ኅብረት ተሰባስበው ተቃወሙ። ሰልፍ ወጡ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ይህን የትም ያለ ዘመቻ ያደርገዋል። እነሱን ለድል ያበቃቸው ግን ሌላ፣ ለቴሌቪዥን የማይመች ሥራ ነው፤ የኩባንያውን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ገጽ በገጽ አነበቡት። በሴፕቴምበር 2016 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ለጣቢያው ፈቃድ ሲሰጥ፣ ጉዳዩን የአካባቢ ክርክሮችን ወደሚዳኘው ብሔራዊ ጉባኤ ወሰዱት። ክርክሩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጁን 26 ቀን 2019 ጉባኤው ፈቃዱን ሻረ።

ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። ኩባንያው ሕዝቡን ሰብስቦ አላነጋገረም አልተባለም፤ አነጋግሯል። ነገር ግን እነዚያ ስብሰባዎች የተደረጉት ጥናቱ ከመጠናቀቁ በፊት፣ ፕሮጀክቱን ለማስተዋወቅ ነበር። ጭሱ፣ አመዱ፣ ወደ ባሕር የሚመለሰው ሙቅ ውሃ ምን እንደሚያደርስ ከተጻፈ በኋላ፣ ያንን ጽሑፍ ይዞ ተመልሶ «ምን ትላላችሁ?» ያለ አልነበረም። ጉባኤው ይህ ምክክር ሊባል አይችልም አለ። ኬንያ በ2016 ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ በጥናቱ ከግምት አለመግባቱም ሌላው ጉድለት ሆነ። እንግዲህ ስለ ዓለም ሙቀት የሚናገረው ክርክር ሁለተኛ ነበር፤ ፈቃዱን ያፈረሰው በዋናነት የስብሰባዎቹ ጊዜ ነው።

ናይሮቢ ላይ ደግሞ ሥራ የሠራው የመብራት ሂሳብ ነው። የዘመቻ ሰዎች ይህን ሲናገሩ ያፍራሉ፤ ለእኔ የሚያሳፍር አይደለም። በዚያን ጊዜ የኬንያ ከፍተኛ የኃይል ፍላጎት 2,000 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። ኦልካሪያ በከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ቱርካና በ310 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል እያመነጩ ነው። የከሰሉ ውል ግን ለ25 ዓመት፣ ኤሌክትሪኩን ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም በየዓመቱ ወደ 360 ሚሊዮን ዶላር ክፈሉ የሚል ነበር። ማንግሮቭ አይቶ የማያውቅ የናይሮቢ ነጋዴም ይህ ይገባዋል።

ክርክሩ ሲራዘም ገንዘቡም ሸሸ። የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2019፣ የቻይናው አይ ሲ ቢ ሲ ባንክ በ2020 እጃቸውን ሰበሰቡ።

ነገሩን አሳምሬ እንዳላቀርብላችሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2018 እንደዘገበው፣ በላሙ ፕሮጀክቶች ላይ የተነሡ ተሟጋቾች ዛቻና እስራት ደርሶባቸዋል። የላሙ ሰው ሁሉም ተቃዋሚ አልነበረም፤ ሥራ እናገኛለን ብሎ የጠበቀ ወጣት ነበር፤ የመሬቱን ካሳ ተስፋ ያደረገ ገበሬም ነበር። ለእነዚህ የድሉ ዜና ደስታ ብቻ አልነበረም።

«አፍሪካ ከዓለም ጭስ ስንቱን አጨሰችና ነው ከሰል የምትከለከለው?» የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ፤ ፍትሐዊም ነው። ግን የላሙ ዓሣ አጥማጅ ከለንደን ታዝዞ አልተነሣም፤ የተነሣው ባሕሩን ብሎ ነው። ሙግቱን ወደ እሱ የሚያዞር ሰው አድራሻ ተሳስቷል። ሕዝቡን የማማከር ጥያቄ ግን ለእኛም ይደርሳል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው መስመር ለኬንያ የምንሸጠው ኃይል ከከሰል የጸዳ ነው፤ ይሁንና የጊቤ 3 ግድብ ሲገነባ ከቱርካና ሐይቅ ዳር ኬንያዊቷ ተሟጋች ኢካል አንጀሌይና ጓደኞቿ «እኛንስ ማን ጠየቀን?» ብለው ነበር። ያኔ አብዛኞቻችን የሰማናቸው እንደ ጠላት ነው።

የላሙን ፈቃድ ለማስመለስ ኩባንያው ያቀረበውን ይግባኝ የማሊንዲው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2025 ውድቅ አደረገው። በዚያው ወር መጀመሪያ እኛ ደግሞ በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ መርቀናል። ጋዙን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው በዚህ አዳራሽ እንዳለ አልጠራጠርም። ሁለታችሁም የተጽዕኖ ጥናቱ በሶማልኛ ለአርብቶ አደሩ መነበቡን፣ የተነበበውም ከመጽደቁ በፊት ወይስ በኋላ መሆኑን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። መድረኩ የእናንተ ነው።