የስደተኛዋ ሠራተኛ ሐቅ በማን እጅ ነው?

 

እዚህ ነቀምት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደ እኛ ከሚመጡት ጉዳዮች አንዱ ወረቀት ማስነበብ ነው። ዐረብኛ ስለምናነብ ከጊምቢም ከአርጆም የሥራ ውል በፌስታል ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ቀን አንዲት እናት ወደ ሳዑዲ ልትሄድ የተዘጋጀች ልጃቸውን ውል አመጡልን። ደላላው ደመወዟ 1,400 ሪያል፣ ሥራዋም ሁለት ሕፃናት መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነግሯቸዋል። ወረቀቱ ግን 1,000 ሪያል ይላል፤ ሥራውንም «የቤት ሠራተኛ» ብሎ ያልፈዋል። በኦሮምኛ ስናስረዳቸው «ሼኻችን፣ እስቲ ይድገሙት» አሉን። ደገምነው። ፓስፖርቱ ልጅቷ 22 ዓመት እንደሞላት ይናገራል። «ለመሆኑ መቼ ነው የተወለደችው?» ብለን ብንጠይቃቸው ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ውድ አድማጮች! ይህች ልጅ ሪያድ ገብታ ደመወዟን ብትከለከል ሐቋን የሚያስመልስላት ማን ነው? የነቀምት ዳኛ ሪያድ ያለውን ከፊል ሊጠራው አይችልም። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም፤ የሚተዳደሩት በተለየ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚያ አገር ሠራተኛ አሠሪውን የሚለውጥበት መንገድ ሲቃለል እንኳ የቤት ሠራተኞች ከዚያ ውጭ ነበሩ። እንግዲህ አንዱ አገር ብቻውን የሚያወጣው ሕግ ሩቅ አይሄድም። ሁለቱ መንግሥታት ተነጋግረው ሲዋዋሉ ነው ለልጅቷ መያዣ የሚገኝላት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን መካ ውስጥ ለአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። ሰውየው በከተማው ዘመድ የለውም። ቢቸግረው አቡ ቁበይስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ያን ጊዜ የተወሰኑ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለው የአገሩ ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ሐቁ እስኪመለስ ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ሒልፈል ፉዱል ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት በዚያ ቤት ተገኝተው ነበር፤ በእስልምና ዘመንም ወደዚያ ዓይነቱ ውል ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ ያንን ነጋዴ የአንድ ጎሳ ቸርነት ብቻ አላዳነውም፤ ያዳነው የጎሳዎቹ ስምምነት ነው።

ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በራሳችን ወገን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ለዜጎቻቸው የተሻለ ሁኔታ ቢጠይቁ፣ ሳዑዲ ከሁለቱ አገሮች የቤት ሠራተኛ መቅጠር አቆመች። ቀጣሪዎቹ ፊታቸውን ወደየት አዞሩ? ወደ እኛ! የእነርሱ መንግሥት «በዚህ ዋጋ አይሆንም» ያለውን ሥራ የእኛ እህቶች በርካሽ ያዙት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። መንግሥታችንም በጥቅምት ወር ጉዞውን አግዶ ነበር። እገዳው ከአራት ዓመት በላይ ቆየ፤ ሰው ግን መሄዱን አልተወም። በኦቦክና በቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን የተሻገረው ብዙ ነው።

በዑምራ ቪዛ ሄዶ እዚያው የቀረም አለ። ስለዚህ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ ለዒባዳ የተሰጠን ቪዛ የሥራ መግቢያ አድርጎ ወረቀት የሌለው ሰው ሆኖ መቅረት፣ በደል ሲደርስ «አቤት» የሚባልበትን በር በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሻለ። የ923 ዋና ነገር፣ ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሳይኖር ሠራተኛ እንዳይላክ መደንገጉ ነው። ከሳዑዲ፣ ከኳታርና ከዮርዳኖስ ጋር ስምምነት ተደርጓል። ሠራተኛዋ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱና ኢንሹራንሱ የአሠሪው ወጪ ነው። በተለይ አንዱን ነጥብ ቤተሰብ ሁሉ ይያዝልን፦ ላኪው ኤጀንሲ ከውጭው አሠሪ ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ይህም ማለት ከፊሉ ሪያድ ቢሸሸግ፣ ኤጀንሲው እዚህ አገራችን ውስጥ ይከሰሳል ማለት ነው። ግን ለማን? ውሏ ለተመዘገበላት። በደላላ ቃል የሄደችውና ዕድሜዋ የተጨመረው ልጅ ከዚህ ጥላ ውጭ ናት።

ስምምነት በሌለበት አገር ያየነውን አንርሳ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስና በኮሮና ስትመታ፣ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። በዚያው ዓመት በወለጋ ብዙ ወረዳዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ልጅ ከዚያ፣ እናት ከዚህ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ድምፅ ሳይሰሙ። የዚያን ጊዜ የውሉ ኮፒ በእጃቸው ያልነበረ ቤተሰቦች የልጃቸውን አሠሪ ስም እንኳ ሊነግሩን አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ውል ያስነበበንን ሁሉ ሦስት ኮፒ አስነሥተው አንዱን መስጂዱ ቁምሳጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡ እያደረግን ነው።

አገሮች በተናጠል ሲደራደሩ ዋጋ እንደሚረክስ የገባቸው የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ናይሮቢ ተሰብስበው የሥራ ስምሪት ፖሊሲያቸውን ለማቀራረብ ተነጋግረዋል። ጅምሩ መልካም ነው። ኳታርም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ለሁሉም ሠራተኛ የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ አጽንታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው፣ ቁጥር 189 የሚባለው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ግን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆኑ አገራችን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ አልፈረሙበትም።

አገራችን ስንል ደግሞ ወደ ጓዳችን እንመልከት። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ለሌላ ደንብ ትቶ አልፏታል። ሳዑዲን የምንወቅስበት ነገር እኛም ቤት አለ! ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ለራሷ የቤት ሠራተኞች ሕግ አውጥታለች፤ ስለዚህ ዐረቦቹ ፊት ስትቀመጥ አፏን ሞልታ ትጠይቃለች። እኛስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዝዘዋል። ከገጠር መጥታ ነቀምት ውስጥ እንጀራ የምትጋግርልን ልጅ የወር ደመወዟ «ለበዓል እንሰጥሻለን» እየተባለ ስንት ወር ተይዟል? የዕረፍት ቀን አላት? ሼኽ ተብለን የምንጠራው እኛም ብንሆን ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም፤ ቤታችን ውስጥ ለምትሠራው ልጅ ውል የጻፍነው ይህችን እናት ካነጋገርን በኋላ ነው።

እናትየው ልጃቸውን አስቀርተዋል። ልጅቷ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ዕድሜዋ ሲደርስ በሕጋዊው መንገድ መሄድ ከፈለገች ወረቀቱን እኛው እናነብላታለን፣ ኢንሻአላህ። ደላላው ግን አባትየው ሁለት በሬ ሸጠው የሰጡትን ገንዘብ እስካሁን አልመለሰም። አባትየው ጁሙዓ ይመጣሉ፤ ኋለኛው ሰፍ ላይ ይቆሙና እኛ አሰላምተን ፊታችንን ሳንመልስ ወጥተው ይሄዳሉ።