ኮምፒዩተር ይሻላል ወይስ ፕሌይስቴሽን?

(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ጉባኤ ላይ የተነገረ፤ ደብረ ታቦር)



ዛሬ ስለ ጨዋታ እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ጨዋታ ለቁም ነገር ጉባኤ አይመጥንም የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ማኅበራችን ለመዝናኛ ክፍሉ ዕቃ ሊገዛ አስቧል፤ ገንዘቡም ትንሽ ነው። ከመካከላችን ገሚሱ ፕሌይስቴሽን ይገዛ ይላል፤ ገሚሱ ኮምፒዩተር ይገዛ ይላል። ክርክሩ በየመኝታ ክፍሉ እስከ እኩለ ሌሊት ሲካሄድ ሰንብቷል። እኛም የሁለቱን ወገን ነገር ሰምተንና መዝነን ያመንንበትን ለመናገር ቀርበናል።

አስቀድመን መነሻቸውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ቁም ሣጥን በሚያህል ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዋር» የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ «ኦዲሲ» የተባለ የቤት መጫወቻ ለሽያጭ ቀረበ። ሶኒም የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በ1994 በጃፓን አወጣ። እንግዲህ ከመነሻው አንደኛው መሥሪያ ነው፤ ሁለተኛው መጫወቻ ነው። ይህን ልዩነት በልባችን እንያዘው።

ለፕሌይስቴሽን የሚከራከሩት ወንድሞቻችን ሐሰት አይናገሩም። በየከተማችን ያሉትን ጌም ቤቶች የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ካለ ቤቱ ሞላ ማለት ነው። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ ዐሥር ሰው ይፈርዳል። የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ስለ አንድ ጎል ይከራከራሉ፤ ሲወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ይህ ለባሕላችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ይመክርና ይተች ነበር እንጂ ዝም አይልም። ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ አንድን ሰው ከአንድ መስኮት ፊት ለብቻው ያስቀምጣል።

ደግሞም ጨዋታው በዲስክ ካለ ኢንተርኔት ሳይጠበቅ መጫወት ይቻላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ የዚህን ጥቅም ሁላችንም ተረድተናል። ዋጋን በሚመለከትም፣ የዘመኑን ታላላቅ ጨዋታዎች ባማረ ምስል የሚያሳይ ኮምፒዩተር ከፕሌይስቴሽን ይበልጥ ውድ ነው። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

ነገር ግን ርካሽነቱ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። ኩባንያዎቹ መሣሪያውን አንዳንድ ጊዜ ከወጪው አሳንሰው ይሸጣሉ፤ ትርፋቸውንም ከጨዋታዎቹ ሽያጭ ይሰበስባሉ። ስለዚህ በሩን ይቆልፉታል። እነሱ ያልፈቀዱት ጨዋታ በመሣሪያው ላይ አይሠራም። ሶኒ በ2006 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ሊነክስን ለመጫን ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳ ከ1,700 የሚበልጡትን አገናኝቶ ታላቅ የስሌት መሣሪያ ሠርቶባቸዋል። በ2010 ግን ኩባንያው ያንን ፈቃድ አነሣው። ባለቤቱ ገንዘቡን ከከፈለ ከዓመታት በኋላ በገዛ ዕቃው ላይ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የኮምፒዩተሩን ነገር እናነጻጽር። በ1998 «ሃፍ ላይፍ» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ሁለት ወጣቶች ያንን ጨዋታ ከፍተው፣ ውስጡን ለውጠው «ካውንተር ስትራይክ» የተባለውን አዲስ ጨዋታ አወጡ። ከሁለቱ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ስም የማያውቅ ተጫዋች የለም። ይህ ሊሆን የቻለው መጫወቻቸው መሥሪያም ስለ ነበረ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ጨዋታ ለስልክ አዘጋጅቶ ለሕዝብ አቅርቧል። የምንጫወተው በስልክ ነው፤ የተጻፈው ግን በኮምፒዩተር ነው። እኛም የራሳችን ነገር አልጠፋንም። በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን የምንጫወተው ገበጣ አለን፤ በሜዳ የምንሯሯጥበት የገና ጨዋታ አለን። በሰንጠረዥ ደግሞ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድነት ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ሕግ በሌላው ዓለም ቼዝ የለም። ይህን ለኮምፒዩተር ማን ይጽፈው? ጎዶትና ብሌንደርን የመሳሰሉ የጨዋታና የሥዕል መሥሪያዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የጎደለው መሥሪያ ሳይሆን የምንቀመጥበት ቦታና የምንሰጠው ሰዓት ነው።

ከከተማችን ጥቂት ርቃ የምትገኘውን ጋፋትን እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ተራራና ገደል እየተቈረጠ መንገድ ተሠርቶለት እስከ መቅደላ ተጎተተ። መድፉ ያሰቡትን ድል አላመጣላቸውም። ቢሆንም የተሠራውን ከመግዛት አልፎ መሥራትን የመፈለግ ሐሳብ በእኛው ደጋ ላይ የቆየ ነው። ዛሬ እንደዚያ ያለ መድፍ የሚጎትት ሠራዊት አያስፈልገንም፤ አንድ ክፍልና ጥቂት ኮምፒዩተር ይበቃናል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በጌም ቤት አግዳሚ ላይ እኅቶቻችንን አይተን እናውቃለን? አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አናውቅም። የተሸነፈ የሚከፍልበት፣ ጩኸቱ የበዛበት ቤት ለእነርሱ አልተሰናዳም። የማኅበሩ ገንዘብ ግን የእነርሱም መዋጮ ነው። የመዝናኛ ክፍላችን የጌም ቤት ግልባጭ ከሆነ፣ በጋራ ገንዘብ ለግማሾቻችን ብቻ ገዛን ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ጆይስቲክና ቴሌቪዥን ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛሉ። ዋጋው መካከለኛ የሆነ ኮምፒዩተር የቆዩትን የኳስ ጨዋታዎች ያለ ችግር ያጫውታል፤ ላፕቶፕ ከሆነም መብራት ሲሄድ ባትሪው ጨዋታውን ያስጨርሳል። ኮምፒዩተርን ፕሌይስቴሽን ማድረግ ይቻላል፤ ፕሌይስቴሽንን ግን ኮምፒዩተር ለማድረግ ባለቤቱ ኩባንያ አይፈቅድም። ስለዚህ ማኅበራችን ጥቂት ላፕቶፖች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አራት ጆይስቲክ ይግዛ። ማታ ማታ አግዳሚው ወጥቶ ኳሱ ይጫወት፤ ወዳጅነቱም አይቅር። ከቀትር በኋላ ያሉት ሰዓቶች ግን ለሚሠሩ ይጠበቁ። ከሳምንቱም የተወሰኑ ሰዓቶች ለእኅቶቻችን ይከበሩ፤ የክፍሉም ኃላፊ ከእነርሱ አንዷ ትሁን። በገንዘብ መወራረድ በክፍሉ ውስጥ ይከልከል።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ ይኸውም ከመካከላችሁ አንዱ በሳምንት አንድ ሰዓት እየመጣ የጀመርነውን ሥራ እንዲያርምልን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከዚያ ክፍል አንድ የገበጣ ጨዋታ፣ ጉድለት ያለበትም ቢሆን፣ ተሠርቶ ከወጣ ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም። ባይወጣ፣ በሚመጣው ዓመት ጉባኤ ፊት ቀርበን ምክንያቱን ለመናገር ዝግጁዎች ነን።