ዓይነ ስውር እግረኛና የስልክ ጂፒኤስ፦ ከሰማይ እስከ ደጃፍ

ዓይነ ስውር እግረኛን ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው እግሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ምን እንዳለ ነው፤ ይህን ነጭ በትር፣ የሠለጠነ ውሻ ወይም የሰው ክንድ ይመልስለታል። ሁለተኛው አሁን የት እንዳለና የሚፈልገው ቦታ በየት በኩል እንደሚገኝ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የነበረው መልስ መንገዱን በቃል ማጥናት፣ ሲጠፋም አላፊ አግዳሚውን መጠየቅ ነበር። በስማርት ስልክ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ የሚያገለግለው ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ክዳኑ የተነሣ የቦይ አፍ፣ የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ የቆመ መኪና፣ በሰው ደጅ የተቆለለ አሸዋ ጂፒኤስ አያውቃቸውም። በትርን አይተካም፤ በትርም እሱን አይተካውም።

የጂፒኤስ ነገር የሚጀምረው ከሰማይ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞሯታል። ሥርዓቱ የተነደፈው ቢያንስ 24 ሳተላይቶች እንዲኖሩት ነው። ሳተላይቱ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ይልካል፤ ስልኩ ምልክቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ይሆናል። ቦታን ለማወቅ ሦስት ሳተላይቶች ይበቁ ነበር፤ አራተኛው የሚያስፈልገው እንደ ሳተላይቱ የአቶም ሰዓት ያልታመነውን የስልክ ሰዓት ለማረም ነው። አሜሪካ ለሲቪሎች የምትልከውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ ስለነበር እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 2000 ድረስ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ። ዛሬ ሰማዩ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ የስማርት ስልክ የተለመደ ስሕተት 5 ሜትር ገደማ ነው። 5 ሜትር ለመኪና ነጂ አያሳስብም። ለዓይነ ስውር እግረኛ ግን ከእግረኛው መንገድ እስከ አስፋልቱ መሀል ያለው ርቀት ነው።

ይህንን ቴክኖሎጂ ለዓይነ ስውራን የማዋል ሐሳብ ከስማርት ስልክ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቅጥር ግቢ ሬጂናልድ ጎሌጅ የሚባል የአውስትራሊያ ተወላጅ የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ነበር። የዕድሜ ልክ ጥናቱ ሰዎች ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት ካርታ አድርገው እንደሚይዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓይኑ ጠፋ። ሌሎች ሰዎች መንገድ እንዴት እንደሚያገኙ ሲመረምር የኖረ ሰው በየዕለቱ ይሄድበት በነበረው ግቢ ውስጥ መንገድ ፈላጊ ሆነ። በዓመቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃክ ሉሚስ ሳተላይትን ለዓይነ ስውራን መንገድ መሪነት የማዋልን ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ ከሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሮበርታ ክላትስኪ ጋር ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1993 የሚሠራ መሣሪያ አቆሙ። መሣሪያው በጀርባ የሚታዘል ኮምፒውተር፣ የጂፒኤስ መቀበያና አንቴና፣ በጆሮ ማዳመጫው ማሰሪያ ላይ የተገጠመ ኮምፓስም ነበረው። ኮምፓሱ በራስ ላይ የተቀመጠበት ምክንያት ለዚህ ንግግር ዋና ነገር ስለሆነ ኋላ ይመለሳል። ጎሌጅ ከዓይነ ስውርነቱ በኋላም በማስተማርና በመጻፍ ቀጥሎ የአሜሪካ ጂኦግራፈሮች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ያደረጉት አንድ ሙከራ እዚህ ሊነሣ ይገባዋል። ከተወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ፣ በኋላ ዓይናቸው የጠፋ፣ እንዲሁም ዓይናቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሰዎች በሦስት ቡድን ተመደቡ። እያንዳንዱ ሰው በክንዱ ተይዞ በቀጥታ ይወሰዳል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና በቀጥታ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወደ ተነሣበት ቦታ በአቋራጭ ብቻውን እንዲመለስ ይጠየቃል። በሦስቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ዓይነ ስውር የቦታ ስሜቱ ደካማ ነው የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ሙከራ ድጋፍ አጣ። ሁሉም ግን በየመጠናቸው ተሳስተዋል፤ ያለ ምልክት የሚሄድ ሰው ስሕተቱ በየመታጠፊያው ይደማመራል። በዚህ አዳራሽ የተቀመጠ ማናቸውም አድማጭ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመቀመጫው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ የገባበትን በር በጣቱ ቢያመለክት ነገሩን ራሱ ሊፈትነው ይችላል። ዓይነ ስውሩ እግረኛ የሚጎድለው ይህንን የተደማመረ ስሕተት በየጊዜው የሚያርምለት የሩቅ ምልክት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ማይክል ሜይ የተባለ ዓይነ ስውር አሜሪካዊ ሴንዴሮ በሚባለው ድርጅቱ በኩል ለገበያ የሚሆን የሚናገር ጂፒኤስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስክሪን የሚያነቡት ቮይስኦቨር በአይፎን፣ ቶክባክ በአንድሮይድ ላይ መጡ፤ ለዓይነ ስውር ብቻ የተሠራ ውድ ዕቃ መግዛት ግዴታ መሆኑ ቀረ። በመስታወቱ ላይ ጣት ሲንሸራተት ስልኩ የነካውን ያነባል፤ ሁለት ጊዜ መታ ሲደረግ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንዳዊው የመንገድ መሪ አፕ ብላይንድስኩዌር፣ በ2018 የማይክሮሶፍቱ ሳውንድስኬፕ ተከተሉ። ጎግል ማፕስም በ2019 ለእግረኛ ዝርዝር የድምፅ መመሪያ ጨመረ።

ወደ ኮምፓሱ እንመለስ። ጂፒኤስ ሰው የት እንዳለ ይናገራል፤ ወዴት እንደዞረ ግን አይናገርም። እግረኛው ጥቂት እርምጃ ሲሄድ ስልኩ ከቀድሞው ቦታና ከአሁኑ አቅጣጫውን ይገምታል። ከታክሲ ወርዶ በቆመበት ቅጽበት ግን፣ ማለትም አቅጣጫ አብዝቶ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ሳተላይቱ ዝም ይላል። «ወደ ሰሜን ይሂዱ» የሚል ድምፅ ሰሜን በየት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አይረባውም። አንዳንድ አፖች አቅጣጫን በሰዓት ቁጥሮች ይናገራሉ፤ 12 ከፊት፣ 3 ከቀኝ ነው። ይህንን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል። ሰዓቱን እንደ ልማዳችን በ6 ከቀየረው እግረኛውን በቀጥታ ወደ ኋላ ያዞረዋል።

ሉሚስና ጎሌጅ ያገኙት የተሻለ መንገድ ቦታው ራሱ እንዲጣራ ማድረግ ነው። ከቀኝ የሚመጣ ድምፅ ከግራ ጆሮ ቀድሞ ቀኙን ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከሺህኛ ሰከንድ ሦስት አራተኛ አይሞላም፤ አእምሮ ግን ይለየዋል። ኮምፒውተሩ ይህንን ልዩነት አስመስሎ በማዳመጫው ሲያሰማ፣ ድምፁ ከሩቁ በር የሚመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ዓይነ ስውራን ተሳታፊዎች በንግግር ከሚሰጥ ትእዛዝ ይልቅ በዚህ ድምፅ በተሻለ ተመርተዋል፤ ወደውታልም። ኮምፓሱ በራስ ላይ የተገጠመው ለዚህ ነው፤ ራስ ሲዞር ድምፁ በቦታው እንዲቆይ። ሳውንድስኬፕ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኪስ አመጣው። ማይክሮሶፍት አገልግሎቱን ሲያቆም እ.ኤ.አ. በ2023 የፕሮግራሙን ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ሌሎችም ተረክበው ቀጠሉበት።

ኮምፓስ ከተነሣ አዲስ አበባ ሳትነሣ አታልፍም። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ብዙዎች የሚያውቋቸው በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው። ለቦታው መመረጥ ትልቁ ምክንያት ግን ከተማዋ በምድር የማግኔት ወገብ አጠገብ መሆኗ ነው። በዚህ መስመር ላይ የምድር የማግኔት ኃይል ወደ መሬት አያዘነብልም፤ አግድም ይተኛል። በለንደን በ66 ዲግሪ ገደማ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ለኮምፓስ የሚተርፈው አግድም ኃይል 20 ሺህ ናኖቴስላ አይሞላም። በአዲስ አበባ 36 ሺህ ያህል ነው።

ይህ ቁጥር ለእግረኛው ትርጉም አለው። ሲራመዱ ስልክ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ስልኩ የራሱን ማዘንበል ሲለካ ይሳሳታል። በለንደን የ5 ዲግሪ የማዘንበል ስሕተት አቅጣጫውን እስከ 11 ዲግሪ ሊያዛንፍ ይችላል። በዚያ አቅጣጫ 50 ሜትር የሄደ ሰው ከበሩ 10 ሜትር ያህል ጎን ላይ ይገኛል። በአዲስ አበባ ያው ስሕተት በአቅጣጫው ላይ የሚያደርሰው መዛነፍ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የመገናኛና የፒያሳ እግረኛ የተሰጠው ይህ የምድር ጸጋ ሊነገርለት ይገባል። ጸጋውን የሚያበላሹት ቅርብ ያሉ ነገሮች ናቸው፦ የኮንክሪት ብረት፣ አጠገብ የቆመ መኪና፣ ከሁሉም በላይ ማግኔት ያለው የስልክ መያዣ። መያዣውን አውልቆ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ማወዛወዝ ኮምፓሱን ያስተካክለዋል።

ምድሩ የሰጠውን ግን ሰማዩ በከፊል ይወስደዋል። ከምድር በላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የምትሞላው ንብርብር፣ አዮኖስፌር፣ የሳተላይቱን ምልክት ያዘገየዋል፤ መዘግየቱም ስልኩን በሜትሮች ያሳስተዋል። ከሳተላይቱ ምልክት ጋር የሚላከው ማረሚያ ቀመር የሚያስወግደው የዚህን ስሕተት ግማሽ ያህል ነው። በማግኔት ወገብ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ ንብርብር ውስጥ ቀዳዳ መሰል አረፋዎች ይነሣሉ። ኮከብ በዓይን ብልጭ ድርግም እንደሚል የሳተላይቱም ምልክት ይርገበገባል፤ ስልኩ አንዳንዱን ሳተላይት ይጥለዋል። ይህ የሚበረታው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታትም ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዋሸራ ቤተ ሙከራ የሚያጠናው ይህንን የሕዋ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ስልኮች የገባው ሁለት ድግግሞሽ የሚቀበል ጂፒኤስ መዘግየቱን አመዛዝኖ ያርመዋል። ከረጃጅም ሕንፃ ነጥሮ የሚመጣውንም ምልክት በተሻለ ይለያል፤ እግረኛውን በካርታው ላይ ወደ ማዶው መንገድ የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ ይህ ነጥሮ የመጣ ምልክት ነው።

በርእሱ ቃል የተገባው ደጃፉ ቀርቷል፤ ጊዜውም አጥሯል። በአዲስ አበባ ቤት በመንገድ ስምና በቁጥር አይፈለግም። ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ይባላል። ስለዚህ ስልኩ ብዙ ጊዜ ስም የለሽ መንገድ ብሎ ያልፋል። መፍትሔው እግረኛው የራሱን ነጥቦች በስልኩ ካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ ዓይናማ ወዳጆቹም ማንም ሊጽፍበት በሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የሰፈራቸውን ምልክቶች መመዝገብ ነው። ካርታውን አስቀድሞ ያወረደ ሰው ኔትወርክ ባይኖርም ይመራል፤ ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኢንተርኔት ከሌለ መጀመሪያ ቦታውን ለማግኘት ብቻ ይዘገያል። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ ነፃ በሆነው የኢስፒክ ኤንጂ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል።

ታክሲ ውስጥ የስልኩ ጥቅም ይጎላል። በመስኮት አይቶ ሰፈሩን የማያውቅ ተሳፋሪ ያስቀመጠው ነጥብ ሲቃረብ ስልኩ ስለሚነግረው ማንንም ሳይለምን «ወራጅ አለ» ይላል። ከወረደ በኋላ በአንድ እጁ በትር፣ በሌላው ምንም አይያዝ፤ ስልኩ ከኪስ ውስጥ ይናገር። ጆሮን የሚደፍን ማዳመጫ የመኪናውን ድምፅ ስለሚያሳጣ በአጥንት በኩል የሚያሰማው ይመረጣል፤ እሱ ከሌለ አንዱ ጆሮ ክፍት ይሁን። «መገናኛ፣ መገናኛ» እያሉ የሚጣሩት ረዳቶች የሚገኙበትን ፌርማታ ከማናቸውም ካርታ በበለጠ ያስታውቃሉ። ቁልቁለቱም ይመራል፤ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሰው እግሩ ራሱ ወደ ደቡብ እንደሚሄድ ይነግረዋል። መንገድ ለመሻገር ግን ስልክ አይታመንም፤ በዚያ ቦታ የሚታመኑት ጆሮ፣ በትርና የሰው ክንድ ብቻ ናቸው።

የቤትን በር ነጥብ ለማስቀመጥ ጥሩው ጊዜ ማለዳ ነው፤ የአዮኖስፌሩ መዘግየት ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ካለው ያነሰ ነው፣ የምሽቱም መርገብገብ አልፏል። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከግንብ ፈቀቅ ብሎ፣ ሰማይ በሚታይበት በኩል ለአንድና ሁለት ደቂቃ ቆሞ፣ ስልኩ ሲረጋጋ መመዝገብ ነው። ሲመለሱ ስልኩ «ደርሰዋል» የሚለው ከበሩ 5 ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን ይችላል። የቀረውን በትሩ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ እየተንኳኳ ይፈልጋል፤ ድምፁ ከቆርቆሮ ወደ ብረት በር የሚለወጥበት ቦታ ደጃፉ ነው።