ፎቶዬን በሰው ስልክ ውስጥ አየሁት
(ጅዳ፣ በጁምዓ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እኔ ንግግር የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ትምህርቴም እስከ አሥረኛ ነው። ሰብሳቢያችን "የደረሰብሽን ብቻ ንገሪያቸው፣ በጋዜጣችንም እናወጣዋለን" ብላኝ ነው የቆምኩት።

መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር እሠራ በነበረ ጊዜ ነው። አንድ ቀን የማዳም እህት ለምሳ መጣች። ሠራተኛ እየፈለገች ነበርና በዋትሳፕ የተላኩላትን ፎቶዎች ከፍታ "የአገርሽ ልጆች ናቸው፣ የትኛዋ ትሻላለች?" አለችኝ። ቡናውን አስቀምጬ አየሁ። አንደኛዋን አለፍኩ፣ ሁለተኛዋን አለፍኩ፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እኔው! አዲስ አበባ ኤጀንሲ ቤት ግድግዳ አስደግፈው ያነሱኝ ነው፤ ሻርፑ እንኳን የእኔ አልነበረም፣ ተውሼ ነው። ከሥሩ ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ ቁመቴ፣ ኪሎዬ፣ ሃይማኖቴ፣ "ሕፃን ትይዛለች፣ ልብስ ትተኩሳለች"። ቀጥሎ የፓስፖርቴ ፎቶ ከነቁጥሩ።

እኔ ሥራ ከያዝኩ ዓመት ከአራት ወር አልፎኛል። ፎቶዬ ግን ገና ገበያ ላይ ነው። ሴትዮዋ አላወቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። "ሁለተኛዋ ደህና ትመስላለች" ብዬ ወደ ማድቤት ገባሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማንም አልነካኝም፣ ማንም አልሰደበኝም፤ ምን ሆንኩ ብዬ ለማን እናገራለሁ?

በኋላ ጅዳ ስመጣ ለአንዷ አባላችን አጫወትኳት። የአክስቷ ልጅ አዲስ አበባ ጠበቃ ናት። ጠበቃ ሲባል ለእኔ የመሬት ክርክርና የግድያ ጉዳይ ነበር። የእሷ ሥራ ሌላ ነው። ድርጅት የሰው ስም፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር ሲሰበስብ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ትመረምራለች፣ ውል ታረቅቃለች። እኛ ሳናነብ "እስማማለሁ" ብለን የምንጫነውን ያን ረጅም ጽሑፍ እሷ ቁጭ ብላ ታነበዋለች። አንዱ የፈጠረውን ሌላው ሲቀዳበትም ትሟገታለች። የሳዑዲውን ሕግ እዚሁ ከሚሠራ ባልደረባዋ ጠይቃ፣ በኢሞ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችን።

መጀመሪያ የነገረችን፣ ይህ በእኔ እንዳልተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቢቢሲ ዐረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት አዲስ የገቡ ባልና ሚስት መስለው ሠራተኛ ፈላጊ ሆኑ። የሴቶች ፎቶ በስልክ መተግበሪያና በኢንስታግራም እየተለጠፈ ሲሸጥ አገኙ። አንዷ ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። እዚህ ሳዑዲ ደግሞ ሐራጅ በሚባለው መተግበሪያ ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይተዋል። ስሙን ስሙት እንግዲህ፤ በእኛም ቋንቋ ሐራጅ ሐራጅ ነው።

አሁን ግን ሕግ አለ። የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ፣ ተሻሽሎም ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 ጀምሮ ጸና። ድርጅቶች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የተሰጣቸው አንድ ዓመትም አልቋል። የሚቆጣጠረው ሰዳያ የሚባለው የመረጃና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሥልጣን ነው። በሕጉ መሠረት ስለ እኔ ምን እንደያዙ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ የማያስፈልገውን ማስጠፋት መብቴ ነው። ሃይማኖት፣ የጤና ምርመራ፣ የጣት አሻራ ደግሞ ጥብቅ መረጃ ይባላሉ። እነዚህን ሰው ለመጉዳት ወይም ለጥቅሙ ብሎ ያወጣ እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት አለበት።

"እኔ እኮ ፈርሜ ነበር" አልኳት። ሳቀች። "የፈረምሽው ሥራ እንዲገኝልሽ ነው፤ ሥራው ተገኘ፣ ምክንያቱ አለቀ። ደግሞ ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል" አለችኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ብዙዎቻችን ከፈረምን አለቀ ብለን ነው የምንኖረው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሠሪያችሁ የኢቃማችሁን ፎቶ ለቤቷ ጉዳይ ስልኳ ውስጥ ብትይዝ ሕጉ አይመለከታትም። ለሌላ ካሳለፈችው ነው ነገሩ የሚለወጠው። አገር ቤት ያለውን ኤጀንሲ ደግሞ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይይዘዋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ አትቀየሙኝ። ማዳም ስትወጣ ሳሎን ውስጥ ቲክቶክ የምትሠሩ አላችሁ። ከኋላችሁ ልጆቹ ይታያሉ፣ ማዳም ያለ ሻርፕ ታልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና ለደፈረ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል ቅጣት ያስቀምጣል። "ቀልድ ነው" ማለት አያድንም። እኔም ሠርቼ ነበር፤ ያን ቀን ማታ ነው ሁሉንም ያጠፋሁት። የእኔ ፎቶ ያንገበገበኝ የሰው ልጅ ፎቶ እንዴት አያንገበግበኝ?

ወደ መካው ቢሮ መጀመሪያ ራሴ በድምፅ ላክሁ። ሰሙት፣ ሰማያዊ ምልክቱ መጣ፣ መልስ የለም። ከዚያ ባልደረባዋ አምስት መስመር በዐረብኛ ጻፈልኝ፤ ስሜ፣ ምን እንዲጠፋ እንደምፈልግና የሕጉ ስም አለበት። በሦስተኛው ቀን "ጠፍቷል" ብለው መለሱ። በእርግጥ በስንት ማዳም ስልክ እንደተበተነ አላህ ነው የሚያውቀው፣ ያንን ማንም አይሰበስበውም። ቢሮው ግን ለአዲስ ደንበኛ ከእንግዲህ አይልከኝም።

ያቺ አምስት መስመር እኔ ጋ አለች። የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ውሰዱ፣ በእኔ ስም ፋንታ የራሳችሁን አስገቡ። ስትልኩ ግን አደራ፣ "ማን እንደሆንሽ አረጋግጪ" ቢሏችሁ ሙሉ ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንስታችሁ እንዳታያይዙበት።