ዋጋ በደብተር ሲነበብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር ብዙዎቻችሁ «ከማኅበሩ ተበድረን እንግዛ ወይ?» ብላችሁ ጠየቃችሁን። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር 9,900 ብር ይጠይቃል። እኛም «ቆዩ» ከማለት በቀር በቂ መልስ አልነበረንም። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ጥያቄያችሁ ዕዳ ሆኖብን ስለቆየ ያጠናነውን ዛሬ ይዘን ቀርበናል።

በውጭ አገር የአክሲዮን ነጋዴዎች ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት «ፖይንት ኤንድ ፊገር» የሚባል የዋጋ አመዘጋገብ አለ። ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ዋጋ ሲወጣ ኤክስ፣ ሲወርድ ክብ ይደረጋል። ቀን አይቆጠርም፤ ዋጋው ካልተነቃነቀ ወር ቢያልፍም ምንም አይጻፍም።

በገበያችን ገብስ እንሞክረው፤ ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ብቻ ናቸው። አንዱ ካሬ 100 ብር፣ መነሻችን በኩንታል 6,000 ብር ይሁን። 6,040 ቢገባ አንጽፍም፤ መቶ አልሞላም። 6,110 ሲሆን በ6,100 ላይ ኤክስ እናደርጋለን። 6,230 ሲሆን ከበላዩ ሁለተኛ፣ 6,310 ሲሆን ሦስተኛ። ወደ 6,220 ቢመለስስ? አሁንም አንጽፍም። ሦስት ካሬ ሙሉ፣ ማለትም እስከ 6,000 ካልወረደ አቅጣጫው ተለወጠ አይባልም። 5,990 ሲገባ ግን ወደ ቀኝ ባለው ዓምድ በ6,200፣ በ6,100 እና በ6,000 ላይ ሦስት ክብ እናደርጋለን።

አምና የማኅበሩን ገብስ «ዋጋ ወደቀ» በሚል ወሬ በአንድ ገበያ ሸጥነው። በሦስተኛው ገበያ ዋጋው ተመልሶ ሲወጣ እርስ በርስ መተያየት አፈርን። ደብተሩ ቢኖረን ቢያንስ ወሬውን ከጽሑፍ ጋር እናመሳክር ነበር።

ሆኖም ደብተሩ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያውቅም፤ ዋጋው ለምን እንደተነሣም አይነግረንም። አልፎ አልፎ ብቻ በሚሸጥ አክሲዮን ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የድርጅቱን የሒሳብ መግለጫ ማየት፣ የትርፍ ድርሻ መክፈል አለመክፈሉን መጠየቅ አይቀርም።

አሁን መልሳችን ይህ ነው፦ በብድር አክሲዮን አንግዛ። ብድሩ በየወሩ ይከፈላል፤ የትርፍ ድርሻ ግን በየወሩ አይመጣም። ሸጠን እንክፈል ብንል ዋጋው የወረደበት ቀን ሊሆን ይችላል። ለዘር፣ ለሕክምና፣ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠውም አይነካ። ከዚያ የተረፋት እህት ግን ወደ እኛ ትምጣ፤ ሰነዱን አብረን እናነብላታለን።

ለጊዜው ከገብስና ከድንች እንጀምር። ከየቡድኑ አንዲት እህት የገበያውን ዋጋ ትመዝግብ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሮቻችንን ይዘን እንገናኝ።