ስለ ጌታቸው መኩሪያ መታሰቢያ ምሽት



ማኅበራችን ለጌታቸው መኩሪያ መታሰቢያ ስለሚያዘጋጀው የጃዝ ምሽት ጥቂት እንድናገር ስታዝዙኝ ደስ ያለኝ በጎረቤትነት ነው። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ፤ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ መንገዴ በይፋት ያልፋል። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸውም በ1927 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው በይፋት ነው።

ምሽቱን የሚመራው ትራምፔት ነፊ ጓደኛችን፣ «የጌታቸውን ሽለላ እንዳለ በትራምፔት ልድገመው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ አይሆንም ባይ ነኝ።

ጌታቸው በክራርና በመሰንቆ ጀምረው ወደ ሳክስፎን የተሻገሩ ሰው ናቸው። የሸላዩን ድምፅ፣ ይኸውም መንቀጥቀጡን፣ ማቅራራቱን፣ ድንገት ዝም ብሎ እንደገና መነሣቱን፣ በሳክስፎን አወጡት። የአንበሳ ጎፈር ደፍተውም ይነፉ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች በኋላ ከኦርኔት ኮልማን ጋር አስተያይተዋቸዋል፤ መምህራቸው ግን የአገራቸው ፎካሪ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ጃዝ ባንድ አዲስ አበባ መጥቶ አብሯቸው ሲጫወት፣ እንግዶቹ ጃዛቸውን አልተዉም፤ እርሳቸውም ሽለላቸውን አልተዉም። ቅጂውን የሰማ ይመስክር።

ጓደኛችን የባቲ ልጅ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በአገሩ ስም እየተጠራ፣ የሰው ድምፅ ተበድሮ ሰው የሚያከብረው ለምንድን ነው? ትራምፔት ሦስት ቁልፍ ብቻ እንዳለው ዐውቃለሁ፤ የቀረውን ከንፈር ይሠራዋል። ስለዚህ እርሱ ባቲን በገዛ ትንፋሹ ይጫወት፤ ሽለላውን ደግሞ የሚሸልል ሰው በአፉ ይሸልል። ከእናንተ መካከል የሚችል ካለ ሐሙስ ማታ ለልምምድ ይምጣ፤ እስከ ዛሬ የተመዘገበ አንድም የለም።